በቀን አንድ ቤት

አናጢው ሲሞት ቼዙ ሳያልቅ ቀረ። የሴት ልጁም ጣጣ የመጣው ከዚሁ ነው።

ሬዲዮ ሠሪው «ልጅዎን ልጠይቅ ነው» ብሎ ሲመጣ፣ አናጢው «መጀመሪያ ይቺን ጨዋታ እንጨርስ፤ ከዚያ እናወራለን» ብሎት ነበር። ወጣቱ ሽንፈትን እየፈራ እያንዳንዷን እርምጃ ሳምንት ሲያስብባት ቆይቶ፣ ተራው የአናጢው በሆነበት ቀን ሰውየው በድንገት አረፈ። ወርክሾፑ ውስጥ ባለው ሰሌዳ ላይ የቀሩት ሁለቱ ንጉሦችና የሬዲዮ ሠሪው አንድ ወታደር ናቸው።

እናትየው ደግሞ ፍንክች የማትል ሰው ናት።

«የሟች ቃል አላፈርስም። ጨዋታው ሳያልቅ ጋብቻ የለም።»

ከሙት ጋር ማን ቼዝ ይጨርሳል? ልጅቷ አንጀቷ አረረ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ወንበር ቫርኒሽ ልትቀባ የአባቷን ወርክሾፕ ስትከፍት፣ የአባቷ ንጉሥ አንድ ቤት ተራምዶ ቆሟል። የነበረበት ቦታ ብቻ ከሰጋቱራው ብናኝ ንጹሕ ነበር። ሮጣ ሬዲዮ ሠሪውን ጠራችው።

«አንተ ነህ?»

«በየት ገብቼ? ቁልፉ አንገትሽ ላይ አይደል?»

እውነቱን ነው። ቁልፉን ጨብጣ ወደ በሩ አፈገፈገች። እሱ ግን ተራው ስለደረሰ የራሱን ንጉሥ አንድ ቤት ገፋ።

በማግስቱም ቀትር ላይ የአባቷ ንጉሥ አንድ ቤት ሄደ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ፤ ሬዲዮ ሠሪውም በየቀኑ ይመልስ ነበር። ንጉሥ ወደፊትም ወደኋላም፣ ወደ ጎንም በሰያፍም መሄድ ይችላል፤ ግን ሁልጊዜ አንድ ቤት ብቻ። አናጢውም በሕይወቱ የሚቸኩል ሰው አልነበረም።

በአምስተኛው ቀን የአናጢው ንጉሥ ወታደሯ አጠገብ ደረሰ። ሬዲዮ ሠሪው ሰሌዳው ላይ አጎነበሰና ልጅቷን ዓይን ዓይኗን አያት።

«ንጉሤን ወደ ወታደሯ ባስጠጋ አባትሽ ሊበሏት አይችሉም። ንጉሥ ጠባቂ ያላትን አይበላም። ጨዋታው ይቀጥላል፤ ምናልባትም አሸንፋለሁ።»

«ብትተዋትስ?»

«ይበሏታል። ሁለት ንጉሥ ብቻ ሲቀር፣ አንዱ ሌላውን መጠጋት አይችልም፤ አቻ ወጥተን ያልቃል።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ከዚያ በኋላ ግን አባትሽ አይመጡም።»

ይሄ አልታሰባትም ነበር። አምስት ቀን ሙሉ ፈርታለች። አምስት ቀን ሙሉ ግን ቀትር እስኪደርስ ቸኩላለች።

«ማሸነፉንስ አትፈልገውም?»

«ጨዋታውን የጎተትኩት ለማሸነፍ ነበር፤ ሞኝ ነኝ። እሳቸው እንጨርስ አሉ እንጂ መቼ አሸንፈኝ አሉ? አሁን አንቺ ምረጪ። ጠብቃት ካልሽ ወታደሯን ዕድሜ ልኬን እጠብቃታለሁ።»

እንባዋ ወረደ።

«ተዋት። ይብሏት።»

ሬዲዮ ሠሪው የራሱን ንጉሥ አራቀ።

በማግስቱ እናትየውን ይዘው ገቡ። ወታደሯ ከሰሌዳው ውጪ ተጋድማለች፤ የአናጢው ንጉሥ በእሷ ቤት ቆሟል። እናትየው በጣቷ ነካችው። እንጨቱ ሰው እጅ ውስጥ እንደቆየ ሁሉ ይሞቃል።

«በሉ እንግዲህ፣ ጨርሷል» አለች። «አንተም ልጄን አደራህን።»

ልጅቷ የጓጓችለትን አገኘች። ያም ሆኖ የሬዲዮ ሠሪው ደረት ላይ ተደግፋ፣ አባቷን ገና ያን ዕለት እንደቀበረ ሰው አለቀሰች።