በቀን የተከደነው ጣሪያ

መምህር ሉቭሳንዳሽ በጀርባቸው ተንጋለው፣ ጭንቅላታቸው የብረት ምድጃውን ጥግ መትቶ፣ በእንግድነት ባረፉበት የሱፍ ድንኳን ውስጥ ሞተው ተገኙ። ሃያ ዓመት ሙሉ በኬንቲ ሜዳ እየዞሩ የጥንቱ ድል አድራጊ ንጉሥ የቺንጊስ ኻን ዘር የት እንደ ደረሰ ያጠኑ ነበር። የትውልድ መጽሐፍ ያገላብጣሉ፤ ለዘር ምርመራ የሽማግሌ ምራቅ በጥጥ ይወስዳሉ።

የፖሊስ መርማሪዋ ሻምበል ናንሳልማ ስትደርስ የረፋዱ ዝናብ አባርቷል። የመምህሩን ረዳት ፀረንፒልን ሰው ከቦታል፤ እጅጌው ደም ነክቶታል።

«ላነሳቸው ስል ነው! ያገኘኋቸው እኔ ነኝ!»

«ውሻም የቀበረውን አጥንት አገኘሁ ይላል» አለ አንድ ፈረሰኛ። ሰው ሳቀ።

ናንሳልማን የሰው ጩኸት ገፋፋትና አንድም ነገር ሳትጠይቅ ልጁን በካቴና አሰረችው። ወዲያው አፈረች። ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተሳሳትኩ ማለት ከበዳትና አልፈታችውም። እስከ ማምሻው ሌላ ጥፋተኛ ካላገኘች ወህኒ የሚወርደው እሱ ነው።

ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ አንገቷ ላይ የውሃ ጠብታ አረፈባት። ቀና አለች። የጣሪያው ጭስ መውጫ መክደኛ በጠራራ ፀሐይ ተከድኗል፤ ከውስጥ ፊቱ ውሃ ይንጠባጠባል።

የቤቱ ባለቤት አባባ ጎምቦሱረን ውጭ ቆመዋል። የኻኑ ዘር ናቸው ተብሎ፣ በየዓመቱ በተቀደሰው የድንጋይ ክምር ፊት ሕዝቡን የሚመርቁት እሳቸው ናቸው።

«ጠዋት የት ነበሩ፣ አባባ?»

«ዝናቡ ሳይጀምር ፈረስ ፍለጋ ሜዳ ወጣሁ። ሬሳውን ያየሁት ከዚህ ሁሉ ሰው ጋር ነው።»

«መምህሩ ስለ ዘርዎ ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ? የታወቀ ነገር!» አሉና ካፖርታቸውን አራገፉ። አቧራው ቡን አለ።

ሚስታቸውን ያንጂማን ጠየቀች። «እትዬ፣ ጣሪያውን ማን ከደነው?»

«እኔ ጠዋት ከፍቼው ነው ወንዝ ማዶ ልጄ ዘንድ የሄድኩት። ዝናብ ከጣለ ደግሞ እንግዳው ራሱ ይክደን! እጅ የለውም?»

ወደ ፀረንፒል ዞረች። «አንተስ ነክተኸዋል?»

«እኔ መኪና ውስጥ ነው የማድረው፣ ሻምበል። የሱፍ ሽታ ያስነጥሰኛል።»

«ጣሪያ በቀን ቢከደን ምን ማለት ነው?»

«ምን ማለት ነው? ይጨልማላ!»

በዚህ ማንም አልሳቀም። ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

ናንሳልማ የመምህሩን ማስታወሻ ደብተር አንብባ ስትጨርስ ሁሉንም በድንኳኑ ደጃፍ ሰበሰበቻቸው።

«መክደኛው ሲከፈት ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ የውስጥ ፊቱ ሰማይ ያያል» አለች። «የረጠበውም እሱ ነው። ስለዚህ ዝናቡ ሲጥል ጣሪያው ክፍት ነበር፤ የተከደነው ካባራ በኋላ ነው። እትዬ፣ በብሩህ ቀን ጣሪያ የሚከደነው መቼ ነው?»

ያንጂማ መሬት መሬት እያየች «ሰው ሲሞት» አለች።

«ፀረንፒል ይህን አያውቅም። እትዬ ወንዝ ማዶ ነበሩ። እናንተም የመጣችሁት እሱ ሲጮህ ነው። የከደነው ሰው ሞቱን ከሁላችን በፊት አውቋል፤ ለሟቹም አዝኗል። እጅ ልማዱን አይረሳም። ታዲያ ዝናቡን ሜዳ ላይ የዋለ ሰው ካፖርቱ እንዴት አቧራ ይሆናል፣ አባባ?»

ሽማግሌው ካፖርታቸውን ቁልቁል አዩ።

ናንሳልማ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «መንግሥት ሁላችሁም የጎሳ ስም ምረጡ ባለን ጊዜ አባቴ ‹የድስት ጠጋኝ ልጅ ነሽ፣ እሱኑ ጻፊ› አለኝ። እኔ የኻኑን ጎሳ ቦርጂጊንን ጻፍኩ። መታወቂያዬን አየና ምንም አላለም። ያ ዝምታው እስከ ዛሬ ፊቴን ያቃጥለኛል።»

ያን ጊዜ ሽማግሌው መሬት ተቀመጡ።

«መምህሩ ‹አያትዎ የኻኑ ዘር የሆነ ጌታ አሽከር ነበር› አሉኝ። በአብዮቱ ዘመን መኳንንቱ ሲገደሉ የጌታው የትውልድ መጽሐፍ እጁ ላይ ቀረ፤ የኔ ነው አለ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ድንጋዩ ፊት ቆሜ የሰው አያት አያቴ ብዬ ስጠራ! ‹እጽፈዋለሁ፣ ግን› ሲሉ ገፋኋቸው። አንዴ ብቻ።»

«ከ‹ግን› በኋላ ምን አሉ?»

«መች አስጨረስኳቸው!»

ደብተሩን ገልጣ አነበበች። «‹የመጽሐፉ ታሪክ ይጻፋል፤ የያዘው ቤተሰብ ስም አይጠራም። ሌላው ፈርቶ ሲያቃጥል እነሱ ደብቀው አቆዩልን። የጌታ ልጅ ያላደረገውን የአሽከር ልጅ አደረገው።›»

አባባ ጎምቦሱረን ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፉ። ያንጂማ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ አልነካቻቸውም።

ናንሳልማ ካቴናውን ፈታች። «ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ።» ፀረንፒል የእጁን አንጓ እያሻሸ ወደ መምህሩ ሬሳ ገባ።

የክሱን ቅጽ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ መጻፍ ጀመረች።

«የጎሳ ስምዎ፣ አባባ?»

«ባዶውን ተይው፣ ልጄ።»

ባዶውን ተወችው። ከግርጌ የመርማሪው ስም ከነጎሳው የሚሰፍርበት መስመር አለ። ዓይኗን ከሽማግሌው ሳትነቅል ጽፋ ፈረመች። ወረቀቱን ልታጥፍ ስትል አየችው፦ እጇ እንደ ልማዱ ቦርጂጊን ብሎ ጽፏል።