የቀለጠው ፎም

አቶ ወንድምአገኝ መሐል ሜዳ በሚገኘው የዘር ብዜት ፕሮጀክት ቢሮው ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ከፊት ለፊቱ ግማሹ የተበላ ሽሮ፣ በከፊል በቀለጠ የፎም ዕቃ ውስጥ ነበር።

ከተማው ፍርድ ለመስጠት ፖሊስ አልጠበቀም። ማይክሮዌቭ በዓይኑ አይቶ የማያውቀው ሁሉ ሊቅ ሆኖ «ፎሙ ቀልጦ መረዘው» አለ። ምሳውን በፎም የላከችው ባለ ምግብ ቤቷ ጥሩሸዋ ልጆቿን በትና ታሰረች።

ኢንስፔክተር እፀገነት በሦስተኛው ቀን ከደብረ ብርሃን ደረሰች። የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ዳኜ ያልተጠየቀውንም ይመልስ ነበር።

«ራሱ በቢሮው ማይክሮዌቭ ሲያሞቀው በዓይኔ አይቻለሁ! ፎም ማይክሮዌቭ ውስጥ አይገባም ብዬ ስንቴ መከርኩት!»

«እርግጠኛ ነዎት? ከመብላቱ በፊት?»

«ታዲያ ከበላ በኋላ ያሞቃል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ጸሐፊዋ ኮከቤ ግን ነገሩን ስትሰማ አማተበች።

«ጋሼ ወንድምአገኝ? በሁዳዴ? ሥጋና ቅቤ የሚሞቅበት ዕቃ አጠገብ አይደርሱም! ምሳቸው ጠረጴዛቸው ላይ ይቆይና ከቅዳሴ መልስ ቀዝቃዛውን ነው የሚበሉት።»

በማግስቱ እፀገነት ሁሉንም ሰበሰበች፤ ጥሩሸዋም በካቴና መጣች።

«ምግብ በፎም ማሞቅ ደግ አይደለም፤ ማንም አያድርገው» አለች ዕቃውን አንስታ። «ግን አንድ ምሳ ሰው እንዲህ አይጥልም። ፎሙን የሚያቀልጠው የጋለው ዘይት ነው፤ የሚቀልጠውም ዘይቱ በነካው ልክ። ዕቃው እስከ አፉ ሞልቶ እንደነበር ጠርዙ ላይ የደረቀው ሽሮ ይመሰክራል። የቀለጠው ግን ከወገቡ በታች፣ ትርፍራፊው እስካለበት ብቻ ነው። እንግዲህ የሞቀው ከተበላ በኋላ ነው። ሟች ደግሞ ያንን ማይክሮዌቭ አይነካም። ዳኜ፣ ያልሆነውን ለምን አየሁ አልክ?»

«ምናልባት... ተሳስቼ...»

«ለገበሬው የሚሰጠውን የዘር ገብስ ነቀዝ በበላው ለውጠሃል። ወንድምአገኝ ደርሶብህ የጻፈውን ክስ ኮከቤ ተይባለታለች። እሱ ቅዳሴ ሳለ፣ ትርፍራፊው ውስጥ የተገኘውን የነቀዝ መርዝ ምሳው ላይ ጨመርክ፤ መርዙ የሚቀመጥበት ግምጃ ቤት ቁልፍ ያለው አንተ ዘንድ ብቻ ነው። ሲሞት ገብተህ ፎሙን አቀለጥክ፣ በሴትዮዋ ልታላክክ። ለይምሰል ስለምትጾም የሚጾም ሰው ምን እንደማያደርግ አታውቅም።»

ካቴናው ከጥሩሸዋ እጅ ወደ ዳኜ ሲዛወር የቢሮው ሰው ሁሉ ተንጋግቶ መጣ።

«እኛማ መጀመሪያም ጠርጥረን ነበር፣ ጥሩዬ!»

ጥሩሸዋ አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ሁለት ዓመት ከእጄ በላችሁ። ሦስት ቀን ስታሰር ለልጆቼ ቁራሽ እንጀራ ያቀበለ ከመካከላችሁ ማን ነው?»

ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ልጆቿ ሄደች።