ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚለው ጓዳ

አታምኑኝ ይሆናል። እኔም ሌላ ሰው ቢያወራልኝ ስቄ ነበር የማልፈው። ግን ሆኗል... በገዛ ቤታችን፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት።

ህዳር 1990 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ቤታችን መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው።

ስገባ እማዬ ሳሎን ቁጭ ብላለች። ፊት ለፊቷ አንድ ኩባያ አጥሚት አለ። ግማሹ ተጠጥቷል።

እማዬ አጥሚት አትወድም።

«ለማን ነው?» አልኳት።

«ለብርነሽ ነዋ! አሁን ገባች እኮ። በዚያ ጥርሷ ሌላ ምን ትቅመስ?»

የያዝኩት ቁልፍ ከእጄ ወደቀ።

ታላቅ እህቴ ብርነሽ የሞተችው የዚያኑ ቀን ጠዋት ነው። ዱባይ ውስጥ... ጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ።

የደወለችልኝ እዚያ የምትሠራው የአክስቴ ልጅ ናዝሬት ናት። ብርነሽ ለሕክምና ሄዳ የሰነበተችው እሷ ጋ ነበር። «ማደንዘዣ ወጓት፣ ጥርሱን ነቀሉት... በዚያው አልነቃችም» ብላ ስልኩ ላይ ጮኸች። እኔ ቡቲኬን እንኳ በወጉ ሳልዘጋ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ተካ ቤት ሮጥኩ።

ጋሽ ተካ በሩን ዘጉት።

«መርዶው ቅዳሜ ንጋት ላይ ይሁን» አሉኝ። «ላፍቶና ሀና ማርያም ላሉት ዘመዶቻችሁ እኛ እንነግራለን። እስከዚያ እናትሽ ምንም እንዳትሰማ። ፊትሽን ታጠቢና ግቢ።»

ፊቴን ታጥቤ ነው የገባሁት። ለእማዬ የነገራት ሰው የለም። ዓይኗም ደህና ነው፤ መርፌ ላይ ክር የምታስገባው ራሷ ናት።

«እማዬ... ብርነሽ መጣች ነው ያልሽው?»

«ቀስ በይ!» አለችኝ በሹክሹክታ። «ጓዳ ጋደም ብላለች። አፏን በነጠላ ሸፍናለች። አታናግሪያት፣ ያማታል።»

መጋረጃውን ገለጥኩ...

አልጋው ባዶ ነው።

ትራሱ ግን መሐሉ ጎድጉዷል። ጓዳው ደግሞ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል።

ብርነሽ ጥርሷ ሲብስባት አንድ ፍሬ ቅርንፉድ በተቦረቦረው መንጋጋዋ ውስጥ ወትፋ፣ ነክሳው ነበር የምትተኛው። ከሄደች ወዲህ ግን ያ ሽታ ከቤታችን ጠፍቶ ነበር።

«የለችም» አልኩ ተመልሼ። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ።

«ወጣ ብላ ይሆናል» አለች እማዬ፣ ምንም ሳይመስላት። «አንድ ነገር ግን ደጋግማ ጠየቀችኝ።»

«ምን?»

«ሐኪሙ ምን ብሎ ነበር? ትላለች።»



ሐኪሙ ምን እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ብርነሽ ትኩሳት ይዟት ስለነበር የራጁን ውጤት የተቀበልኩት ብቻዬን ነው። ሐኪሙ ቁጭ አድርጎ ነገረኝ። «ውጭ መታየት አለባት። ናይሮቢ ውሰዷት፣ እዚያ የመንጋጋ አጥንት የሚያክም የማውቀው ሰው አለ። አደራ፣ እብጠቱ ሳይጎድል ጥርሱን ማንም እንዳይነካው!»

እኔ ግን ሐሳቤ ሌላ ነበር። ቡቲኬን ገና መክፈቴ ነው። አንዷ ደንበኛዬ ዱባይ ጥርሷን አሠርታ መጥታ ስትስቅ አየኋት፤ የክሊኒኩን ባለ ቀለም ፎቶም ሰጠችኝ። ነጭ ወንበር፣ ነጭ ግድግዳ። ብርነሽ ዱባይ ብትታከም፣ በዚያው ለገና የምሸጠውን ጂንስና ጫማ ይዛልኝ ትመጣለች ብዬ አሰብኩ።

ቤት ገብቼ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ «ሐኪሙ ናይሮቢም ዱባይም ሁለቱም አንድ ነው ብሏል» አልኳት።

ብርነሽ ያበጠ ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ አየችኝ። «እኔ ምን አውቃለሁ ፅጌ። አንቺ ምረጪልኝ» አለችኝ።

መረጥኩላት። ስትሄድ የማስታገሻ ክኒኗ ጎን የጫማ ልክ የጻፍኩበትን ወረቀት አስቀመጥኩላት። ይሄን ሳስታውስ ራሴን እጠየፋለሁ።

አርብ ሱቅ አልከፈትኩም። ጎረቤት ገብቶ እንዳያለቅስባት ቀኑን ሙሉ ከእማዬ ጎን ተቀመጥኩ። አሳቅኳት። ፀጉሯን ሠራሁላት። ስትመርቀኝ «አሜን» አልኩ... ልጇ ሞታ ሳለ፣ እኔው ልኬያት፣ ምርቃቷን ተቀበልኩ።

ስምንት ሰዓት ላይ ልብስ ከገመድ ላነሳ ወደ ግቢ ወጣሁ። ተመልሼ ስገባ ኩባያው ጠረጴዛው ላይ ነው። ግማሹ ተጠጥቷል። ጠርዙ ላይ ቀላ ያለ ነገር አለ።

«መጥታ ነበር» አለች እማዬ። «ዛሬም ያንኑ ጠየቀችኝ። አታውቂም ወይ ብላ ተቆጣችኝ። ምን ልበላት?»

ዓይኖቿን ዓይኔ ላይ ተከለች።

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። አፌንም ከፍቼ ነበር...

«ሁለቱም አንድ ነው ብሏል በያት» አልኳት።

ከጓዳ በኩል...

ኳ!

ትንሽ፣ ጠንካራ ነገር ሳፋ ውስጥ የወደቀ ይመስላል።

ሮጬ ገባሁ። ማንም የለም። ሳፋው ውስጥ ውሃ ብቻ አለ። ውሃው ይወዛወዛል።

ቅርንፉዱ ያፍናል።

«ምንድነው እሱ?» አለች እማዬ።

«አይጥ ነው» አልኳት።

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ተካ ከፊት፣ ዘመዶቻችን ከኋላ ሆነው ገቡ። ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቋል።

እማዬ ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻቸው።

«አይድከሙ ጋሽ ተካ» አለች። «ራሷ ነግራኛለች።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ቤቱ በለቅሶ ተናጋ። እኔ እማዬ እግር ስር ተደፋሁ።

ለቅሶው ትንሽ ጋብ ሲል ጋሽ ተካ ወደኔ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ ፅጌረዳ፣ ለመሆኑ ዱባይ ውሰዷት ያለው ሐኪሙ ነው?»

ሁሉም አየኝ። እማዬም አየችኝ።

በሰው ሁሉ ፊት፣ በእህቴ ለቅሶ ላይ...

«ሁለቱም... ሁለቱም አንድ ነው ብሏል።»

ምላሴ ላይ የሆነ ነገር ተንከባለለ።

ትንሽ ነው። ጠንካራ ነው።

የማለቅስ መስዬ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩና መዳፌ ላይ ተፋሁት።

መንጋጋ ጥርስ ነው።

በምላሴ የራሴን ጥርሶች ዳሰስኳቸው። ሁሉም በየቦታቸው ናቸው።

መዳፌ ላይ ያለው ጥርስ መሐሉ ተቦርቡሯል። ቀዳዳው ውስጥ አንድ ፍሬ ቅርንፉድ ተወትፏል።

እማዬ ጎንበስ ብላ አፏን ጆሮዬ ላይ አደረገች።

«ከኋላሽ ቆማለች» አለችኝ በሹክሹክታ። «አላመነችሽም... ምን ልበላት?»