ለጃርት የቀረበ ቋንጣ

ግራዝማች ወልደ ጊዮርጊስ ኮሶ በጠጡበት ማለዳ ሞቱ። በሕይወታቸው ለማንም ተመችተው የማያውቁ ሰው ሬሳቸውም ለማንም አልተመቸ፤ ወገባቸው እንደ ቀስት ተለምጦ፣ ጥርሳቸው ገጥሞ፣ ማጅራታቸውና ተረከዛቸው ብቻ አልጋውን ነክቶ ደርቀው ስለነበር አስተካክሎ ማስተኛት እንኳ አልተቻለም። ጊዜው ኅዳር 1964 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው ደግሞ አሰላ ከተማ ዳር፣ የጭላሎን ተራራ ፊት ለፊት የሚያየው የግራዝማች ሰፊ ግቢ።

መርማሪው መቶ አለቃ ጥሩሰው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ሰው ሲያናግረው ጥርሱን የሚያመው የሚመስል አጭር ሰው ነው። ውሸት ሲሰማ አይቆጣም፤ ይሰለቸዋል። ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ሮጦ የጠራው የግቢው አዛዥ ወልደ ሚካኤል ነበር፤ የውጭውን በር ቁልፍ ከወገቡ ፈትቶ የከፈተለትም እሱ ነው።

«በሩን ቆልፈህባቸው ነው የመጣኸው?» አለው ጥሩሰው።

«ግራዝማች ኮሶ በሚጠጡበት ቀን በሩ ከዋዜማው ጀምሮ እንደተቆለፈ ነው፣ ጌታዬ። እስከ ቀትር እንግዳ አይገባም። ቁልፉም ከእኔ አይለይም።»

«ውስጥ ማን ማን ነበራችሁ?»

«ባለቤታቸው እሜቴ አሰገደች፣ ገረዲቱ አልጣሽ፣ የግራዝማች የወንድም ልጅ አቶ ፈቃደ፣ እኔ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ሰው የለም። ጃርቷ ብቻ ናት።»

ጥሩሰው ሬሳውን አየ። አጠገቡ ኮሶው የተበጠበጠበት ዋንጫ ተደፍቷል።

«ኮሶ የገደለው ሰው እንዲህ አይደርቅም» አለ ወልደ ሚካኤል። «ከተማ ውስጥ የተመረዘ ውሻ አይቻለሁ፤ ልክ እንዲህ ነው የሚሆነው። ጠዋት ሁሉም ፊት ይህንኑ ተናግሬ ነው ወደ እናንተ የሮጥኩት።»

ጥሩሰው ራሱን ነቀነቀ። መራራ መርዝ ለመደበቅ ከኮሶ የተሻለ ነገር አይገኝም፤ ጠጪው እንደሚመረው አስቀድሞ ያውቃል፤ ፊቱን አጨፍግጎ ይጨልጠዋል።

የግራዝማች ሟች ወንድም የተወላቸው ልጅ ፈቃደ ሳሎን ውስጥ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። አዲስ አበባ ሦስት ዓመት ሕግ ተምሮ ሳይጨርስ የተመለሰ፣ ያልጨረሰውን ግን በየንግግሩ የሚያስታውስ ሰው ነው። ጫማው ከፊቱ ይበልጥ ያበራል። ጭቃ የሚበዛበት አገር ውስጥ እንዲህ ያለ ጫማ የሚያደርግ ሰው ከምንጣፍ ውጭ እንደማይረግጥ ጥሩሰው ልብ አለ።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ፈቃደ። «ጉቱ የሚባል ጭሰኛ አለ። ጃርት አወጣለሁ ብሎ ግቢ ገብቶ መርዙን በኮሶው ሙቀጫ አላመበት። ሆን ብሎም ይሁን በድንቁርና፣ በሕግ ፊት ልዩነት የለውም።»

ልዩነቱ የስቅላትና የእስራት ያህል መሆኑን ጥሩሰው ያውቃል፤ ግን የሕግ ትምህርቱን አላቋረጠበትም። «መርዙ ከየት መጣ?» ብቻ አለው።

«እኔ ነኝ ከአዲስ አበባ ያመጣሁት፤ ጃርቱን በአንድ ቀን ለመገላገል። የአጎቴ ሚስት ለውሾቹ ፈራችና ዕቃ ቤት ተቀመጠ። ሰውዬው ሰርቆታል። ትናንት ወደ ማታ ላይ መርዝ የነሰነሰበትን ሥጋ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲያስቀምጥ በዓይኔ አይቻለሁ። አሁንም እዚያው አለ። የመርዙን ቆርቆሮም ከረጢቱ ውስጥ ታገኘዋለህ።»

«ከረጢቱን ፈትሸህ ነበር?»

«መገመት አይከብድም» አለ።

ቆርቆሮው እውነትም ዕቃ ቤት ከተሰቀለው የጉቱ ከረጢት ውስጥ ተገኘ። አብሮት የመጣው ሃምሳ አለቃ ጉዳዩ ያለቀ መሰለውና ጉቱን ለመያዝ፣ ለሥራ ሄዷል ወደተባለበት ወደ ኢተያ ወረደ። ባላባት ገደለ የተባለ ጭሰኛ በዚያ ዘመን መጨረሻው ገመድ ነው፤ ማንም ደግሞ ምርመራው ቸኮለ ብሎ አይከራከርለትም። ጥሩሰው ይህን ስለሚያውቅ አልቸኮለም። ብቻውን ወደ ጓሮ ዞረ።

ጓሮው የባለቤቶቹን ስንፍና ያሳብቃል። የተቆፈረው ድንች ከወጥ ቤቱ ኋላ መሬት ላይ ተከምሮ፣ ጃርትን ነይ ብዪ ይላታል። ከዕቃ ቤቱ የድንጋይ መሠረት ሥር አንድ ጉድጓድ አለ። አጥሩ ሥር ጉቱ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦይ ቆፍሮ ጠፍጣፋ ድንጋይ እያቆመ ግማሹን ቀብሮበታል፤ እንደገና ተቆፍሮ እንዳይገባ። አንድ ረጅም የእንጨት ሳጥንም ነበር፤ መዝጊያው ከላይ የሚወርድ፣ ከውስጡ ድንች የተቀመጠበት፣ እንስሳውን ሳያቆስል የሚይዝ። ከጠቅላላው ግቢ አእምሮ የታየው በዚህ ሳጥን ላይ ብቻ ነበር።

ከጉድጓዱ አፍ ዙሪያ የተነፋ አመድ ተበትኗል። አመዱ ላይ የጃርት ኮቴ አለ፤ እሾኋም በጎን በጎኑ ጭረት ትቶ አልፏል። ሥጋው ከመካከሉ ተጋድሟል። ጥሩሰው አጎንብሶ አየውና ፊቱ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅ ምልክት ታየ፤ በርበሬ የታሸ ቋንጣ ነበር። በስንጥር ቀስ አድርጎ አነሣው። ከሥሩ ያለውን ረጋ ብሎ ተመለከተ፤ ሦስት እርምጃ ርቆ ያለውን የድንጋይ መንገድም ተመለከተ። ከዚያ ማንም እንዳይነካው ቦታውን በቅርጫት ከደነው።

ወይዘሮ አሰገደች አልቅሰው ደክመው ነበር፤ ግን ንዴታቸው አልደከመም።

«ኮሶውን ማን ወቀጠው?» ሲል ጠየቃቸው።

«እኔ። ትናንት ማታ ወቅጬ ራስጌያቸው አስቀመጥኩ። ንጋት ላይ ራሳቸው ይበጠብጡታል። ማታ ፈቃደ ሲያጫውታቸው አምሽቷል። ምን ጨዋታ አለው፣ ያው የትራክተሩን ነው።»

«የምን ትራክተር?»

«ጭሰኛውን ሁሉ አስነሥተን መሬቱን በትራክተር እንረስ ይላል። ግራዝማች እምቢ አሉ። ለሰው አዝነው እንዳይመስልህ፤ ጠዋት የሚሰግድላቸው ካላዩ ቁርስ አይበሉም ነበር። ሲነዘንዛቸው ጊዜ ሐሙስ ዕለት ከኑዛዜው ላይ አስፍቀዋለሁ ብለው ነበር። ሐሙስ አልደረሱም።»

«ወልደ ሚካኤል ፖሊስ ሊጠራ ሲወጣ እርስዎ የት ነበሩ?»

«ከሬሳው ላይ የት እሄዳለሁ? አልጣሽ ፊቴን እንዳልነጭ እጄን ይዛኝ ነበር።»

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ጃርት ምን ትበላለች?»

«የእኔን ድንች።»

«ቋንጣስ?»

ወይዘሮዋ ጤንነቱን የተጠራጠሩ ይመስል አተኩረው አዩት። «በዚህ ቤት ቋንጣ የሚበላው ፈቃደ ነው» አሉ።

ጉቱን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የፊጥኝ አስረው አመጡት። ሚስቱ ከዲጃ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከኋላ ከኋላ ስትከተል መጣች፤ በር ላይ ሲያግዷት አልጮኸችም፤ እዚያው ቁጭ አለች። የጉቱ እጆች አብጠው ጠቁረዋል።

«ፍታው» አለ ጥሩሰው።

«ነፍሰ ገዳይ ነው እኮ!» አለ ፈቃደ።

«ፍታው አልኩ።» ጥሩሰው ወደ ጉቱ ዞረ። «ትናንት ከዚህ መቼ ወጣህ?»

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። አመዱን ነሰነስኩ፤ ወጣሁ። አቶ ወልደ ሚካኤል ከኋላዬ በሩን ቆለፈ። ዛሬ ጎሕ ሳይቀድ በጋሪ ኢተያ ወረድኩ፤ እህል ቤት ጣሪያ ውስጥ የሌሊት ወፍ ገብቶ ጠርተውኝ። ባለጋሪው ይመስክር።»

«መስክሯል» አለ ሃምሳ አለቃው ጉሮሮውን እየጠረገ። እስከዚያ ድረስ ሳይናገር የቆየው ስላልተጠየቀ ነው።

«መርዝ ለምን አላደረግህም? ያንተ ሥራ አንድ ወር ይፈጃል።»

ጉቱ እጁን እያሻሸ መለሰ። «መርዝ የሚወድ ሰነፍ ነው፣ ጌታዬ። አንዷን ትገድላለህ፤ ድንቹ እዚያው፣ ጉድጓዱም እዚያው። በሳምንቱ ሌላዋ ትመጣለች። ውሻው ይሞታል፣ ጭልፊቱም ይሞታል። እኔ ወንዱን ይዤ ማዶ ጫካ ለቅቄዋለሁ። ጥንድ ናቸው፤ ሴቷንም እዚያው እወስዳታለሁ። ከዚያ በኋላ ነው የምደፍነው። አመዱ መውጣት መግባቷን ይነግረኛል፤ ከነነፍሷ ብደፍንባት ወላሂ ኃጢአት ነው።»

ጥሩሰው ሁሉንም ጓሮ ሰበሰባቸው። ወይዘሮ አሰገደች በአልጣሽ ተደግፈው ቆሙ። ፈቃደ ጫማውን ተጠንቅቆ የድንጋዩ መንገድ ላይ ቀረ።

«በዚህ ቤት አንድ ብልህ ሰው አለ፤ እሱን አስራችሁ አመጣችሁት» ብሎ ጀመረ ጥሩሰው። «የቀራችሁት ጓሯችሁ ውስጥ የሚኖረውን እንስሳ አታውቁትም። እሜቴ ቢያንስ ምን እንደሚበላ ያውቃሉ። ወልደ ሚካኤል፣ አንተስ?»

«ሥራ ሥር፣ አትክልት ነዋ። ድንች፣ ዱባ። ሥጋ ብትሰጣት ዞራ አታየውም።»

«ይህን የአርሲ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ጃርት በማውጣት የሚኖር ሰውማ ለጃርት ቋንጣ አያቀርብም፤ ያውም በርበሬ የታሸ። ግን ይህ ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ ድንቁርና ወንጀል ቢሆን እስር ቤቱ አይበቃንም።» ቅርጫቱን አነሣ። «ኑ፣ እዩ። አመዱ የተነሰነሰው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ጃርቷ ሌሊት ወጥታ ተመልሳበታለች። ሥጋው ትናንት ማታ ተቀምጦ ቢሆን ከሥሩ ያለው አመድ ንጹሕ ይሆን ነበር። ይኸው ግን ከሥጋው ሥር ሙሉ ኮቴ አለ፤ ጣቶቿ ይቆጠራሉ። ሥጋው የመጣው እሷ ካለፈች በኋላ፣ ዛሬ ጠዋት ነው። ጉቱ ያኔ ኢተያ መንገድ ላይ ነበር። ከውጭም ማንም አልገባም፤ የኮሶ ቀን ነውና በሩ ተቆልፏል። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ይህን ልማድ ቢረሳ አይገርምም።»

ጥሩሰው ቀጠለ።

«ገዳዩ ትናንት ማታ መርዙን ራስጌ በተቀመጠው ኮሶ ውስጥ ሲጨምር ጉቱን አላሰበውም። ኮሶ ብዙ ጠጥቶ የሞተ ሰው ስንት አለ፤ ያ ይበቃው ነበር። ነገሩ የተበላሸው ወልደ ሚካኤል ‹የውሻ መርዝ ነው› ሲል ነው። ወልደ ሚካኤል ወዲያው ሮጠ፤ እሜቴና አልጣሽ ከሬሳው አልተለዩም። ቀሪው ሰው ወጥ ቤት ገብቶ ከተሰቀለው ቋንጣ አንድ ዘለላ በጠሰ፤ መርዝ ነሰነሰበት፤ ቆርቆሮውን ከረጢት ውስጥ ከተተ። ከዚያ ጫማው አመድ እንዳይነካ ከዚያ ድንጋይ ላይ ቆሞ ወረወረው። አመዱ በወደቀበት በኩል ተረጭቷል፤ ቀርቦ ያስቀመጠ ሰው እንዲህ አያደርግም። አቶ ፈቃደ፣ አንተ አሁን የቆምክበት ድንጋይ ነው። መሐረብህን አውጣ።»

«ምን ሊያደርግልህ?»

«በርበሬ የነካ እጅ ሱሪ ላይ አይጠረግም፤ በተለይ እንዲህ ያለ ሱሪ ላይ።»

ፈቃደ አላወጣም። ሃምሳ አለቃው አወጣለት። ነጩ መሐረብ ቀልቷል፤ ከበርበሬው ጋር ነጭ ብናኝ ተጣብቆበታል።

«ያልተማረ ጭሰኛ አምናችሁ እኔን ልታስሩ ነው?» አለ ፈቃደ።

«ጭሰኛውን አላመንኩም፤ ጃርቷን ነው ያመንኩት» አለ ጥሩሰው። «አንተ ከሁለቱም ታንሳለህ። አጎትህን ለመግደል ድፍረት ነበረህ፤ ጫማህን ለማቆሸሽ ግን አልደፈርክም። ውሰደው።»

ፈቃደ በዚያው ገመድ ታስሮ ወጣ። ጉቱን ይቅርታ የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ለጭሰኛ ይቅርታ ማለት በዚያ ግቢ አልተለመደም። ወይዘሮ አሰገደች የድንቹን ክምር አየት አደረጉና እንባቸውን ጠረጉ።

«ነገ ለቀብር ሰው ይመጣል» አሉት ጉቱን። «በዚህ ሁሉ ላይ የጃርት ነገር አልችልም። ዛሬውኑ ግደላትና ገላግለን።»

ጉቱ የሳጥኑን መዝጊያ ሊያነሣ ሞከረ። ጣቶቹ አልታጠፉም። ሁለተኛ ሞከረ፤ መዝጊያው ከእጁ አምልጦ ወደቀ። ጥሩሰው ገመዱን ማን እንዳሰረው ለመጠየቅ አልፈለገም፤ የሱ ሰዎች ናቸው።

«እሷ ድንች ነው የበላችው፣ እሜቴ። ሰው አልገደለች» አለ ጉቱ። «እጄ ሲታዘዘኝ መጥቼ እወስዳታለሁ። ድንቹን ግን ከመሬት አንሡት፤ ስንት ጊዜ ልንገራችሁ?»

ከዲጃ ከበሩ ገብታ ሳጥኑን አንሥታ ጫንቃዋ ላይ አደረገች፤ ባልና ሚስቱ ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ።