«ሜሎ» ብዬ ዝም ያልኩ ዕለት

ሴፋኮ ወደ ማተሚያ ቤታችን ስትገባ አሮጌውን ሰርቨር በካርቶን እያራገብኩ ነበር።

«ታሟል እንዴ?» አለችኝ።

«አርጅቷል... ሲሞቀው ይጠፋል» አልኩ አንገቴን ደፍቼ። ቀና ብዬ ካየኋት በኋላ ግን ዓይኔን መመለስ አቃተኝ!

ማሽኑ የያዘው፣ ሰው ሁሉ በነፃ የሚጠቀምበትንና በፈቃዱ የሚያርመውን የኤዌ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ነው። የጀመሩት የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ኤፎ ሴንዮ ናቸው። ሴፋኮ ከዋና ከተማው ከሎሜ ወደ እኛ ከተማ ፓሊሜ የመጣችው ማሽኑ ሳይሞት ቃላቱን ውጭ አገር ወዳሉ አዳዲስ ሰርቨሮች ልታዛውር ነው። እሷ ታሻግራለች፤ እኔ ፊደሎቹ በደህና መድረሳቸውን አያለሁ። መጀመሪያ ግማሾቹ ፊደሎች የጥያቄ ምልክት ሆነው ደረሱ።

«ቋንቋችን ጥያቄ በዛበት!» ብላ ሳቀች። በዚያ ሳቅ ተያዝኩ።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ፉፉ እየበላን ሳለ ድንገት ቀና ብላ አየችኝ።

«ኮጆቪ፣ ጎረቤት አገር ኮቶኑ ሥራ አግኝቻለሁ። ነገ ማሽኑን ካጠፋን በኋላ ልሂድ? ምን ትላለህ?»

እወድሻለሁ ልላት ፈለግኩ። በእኛ ቋንቋ «ሜሎ ዎ» ነው።

«ሜሎ» አልኩ... «ዎ» ጉሮሮዬ ላይ ቀረች።

ፊቷ ጠወለገ። «ይሁን» ብላ እጇን ታጠበች።

በማግስቱ አንቱ አለችኝ!

«ወንድሜ፣ ይህን ገመድ ይያዙልኝ።»

ማሽኑን አጠፋች። ኤፎ ሴንዮን ብቻ ተሰናብታ፣ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች።

«አንተ፣ ምን አድርገሃት ነው?» አሉኝ።

«ልሂድ ወይ አለችኝ፤ ሜሎ አልኳት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ... ዝም።»

«አይ ጉድ! ሜሎ ብቻውን እኮ ተስማምቻለሁ ነው! የሰው ፊደል ስትለቅም ትውላለህ፣ የራስህን ዋጥካት? ሩጥ እንጂ!»

ሮጥኩ። መናኸሪያ ስደርስ መኪናው ሞልቶ ሞተሩ ተነስቷል።

«ሴፋኮ! አንድ ቃል ጎድሏል!» አልኩ በመስኮቱ።

«ሁሉም ደርሷል። እርስዎ ራስዎ አይደሉ ያረጋገጡት?»

ተሳፋሪው ሁሉ ያየኛል። የመስኮቱን ጠርዝ ያዝኩ።

«የመዝገቡ አይደለም፣ የኔ ነው! ሂጂ ማለቴ አልነበረም። ሜሎ... ሜሎ ዎ!»

«እሰይ! ባሌ እንዲህ ሮጦልኝ አያውቅም!» አለች አንዲት ዓሣ ነጋዴ። መኪናው በሳቅ ተናወጠ።

ሴፋኮ ብቻ አልሳቀችም። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«አንተ!» አለችኝ። አንተ! «ልሂድ ወይ ያልኩህ እኮ አትሂጂ እንድትለኝ ነበር።»

«አትሂጂ።»

«ሾፌር፣ ሻንጣዬን አውርድልኝ!»

«ከሁሉም ሥር ነው የታሰረው!» ቢል፣ ተሳፋሪው በአንድ ድምፅ «አውርድላት!» ብሎ ጮኸበት።

የኮቶኑ ቀጣሪዎቿ ከፓሊሜ ሆና እንድትሠራ ፈቀዱላት። ዝናቡ ሲያባራ ተጋባን። መዝገበ ቃላቱ አሁን የት አገር እንዳለ በውል አላውቅም። ሴፋኮ ግን እዚሁ፣ ከጎኔ ናት።