ሼባው ቤት ሊመጣ ነው

«እሺ አለ! አባዬ እሺ አለ!»

ሚጡ እየሮጠች ስትገባ ሲስተር ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። እዚህ ግቢ ውስጥ አይጮህም። ሲስተር ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ሰው የጣላቸውን፣ የተደበደቡትን ውሾች እየሰበሰቡ ዕድሜ ልካቸውን ያኖሯቸዋል።

«ኧረ ቀስ! ምኑን ነው እሺ ያለው?»

«ሼባውን ቤት እንድወስደው! ፒክአፑን ይዞ እየመጣ ነው!»

ሼባው አፉ ዙሪያ የሸበተ ቡናማ ውሻ ነው። የድሮ ባለቤቶቹ ቤት ሲለቁ በሰንሰለት እንደታሰረ ጥለውት ሄዱ። ጎረቤት ሰምቶ እስኪደርስለት ከሰንሰለቱ ጋር ሲታገል ሰነበተ። ከዚያ ወዲህ ብረት ከብረት ሲጋጭ ከሰማ መሬት ላይ ተለጥፎ ይንቀጠቀጣል፤ ቀኑን ሙሉ ምግብ አይቀምስም። ለዚህ ነው የግቢው ሳህን ሁሉ ፕላስቲክ የሆነው፣ በሮቹ በጨርቅ የሚታሰሩት፣ የሲስተር ቁልፍ እንኳ ካልሲ ውስጥ የሚኖረው። «ነጠላ ካልሲ የሌለው ቤት የለም፤ እዚህ ሥራ አገኘ» ይላሉ።

ሚጡ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ጀርባዋን ለሼባው ሰጥታ ትቀመጥና የባዮሎጂ መጽሐፏን ድምፅ አውጥታ ታነባለች። አትጠራውም፣ እጇን አትዘረጋም። የግቢው ሕግ ነው፤ ውሻው ራሱ ይመጣል እንጂ ማንም አይሄድበትም። ወራት ሙሉ ሼባው ከጥጉ ንቅንቅ አላለም። ጓደኞቿ «ባዮሎጂን ከአንቺ ይልቅ እሱ ቢፈተን ይደፍናል» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን መጥቶ አገጩን እግሯ ላይ አሳረፈ። ደስታ ሊገድላት! ሳምንቱን ሙሉ አባቷን ስትለማመጥ፣ ሳትታዘዝ ዕቃ ስታጥብ ሰነበተች።

«አንድ ሕግ ደግሞ አለ» አሉ ሲስተር። «መኪናው ላይ በራሱ እግር ከወጣ ይሂድ። ካልወጣ እዚሁ ይኖራል። መጎተት፣ መሸከም የለም።»

«ይወጣል! ያያሉ፣ ይወጣል!»

ፒክአፑ ግቢው ውስጥ ገብቶ ቆመ። አባቷ የኋላ ወንበሩን በር ከፍቶ መሪው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ፤ እንዳይንቀሳቀስ አስጠንቅቃዋለች። ሚጡ ጀርባዋን ለሼባው እንደሰጠች፣ መጽሐፏን እያነበበች፣ ወደ መኪናው ተራመደች። ዞር ብላ ማየት አማራት። ከኋላዋ የጥፍር ኮቴ ተሰማ፤ ቆመ፤ ደግሞ ተሰማ። ወጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። መኪናው ትንሽ ተወዛወዘና ሞቃት ትንፋሽ ክርኗን ነካት። ሼባው ወጥቷል!

ሲስተር አፋቸውን በእጃቸው አፍነው ያለ ድምፅ እልል አሉ። «በሉ ሂዱ፣ ሳላለቅስ» ብለው የግቢውን በር ሊከፍቱ ሄዱ።

አባቷ በመስታወቱ እያየ «የኔ ጀግና!» አለ በሹክሹክታ። «ቱታዬን እንኳ ሳልቀይር ነው የመጣሁት። የሰው በር ግማሹ ተበይዶ ቁጭ ብሏል።»

ሚጡ ቱታውን አየችው። የብየዳ ፍንጣሪ የበሳሳው ሰማያዊ ቱታ። ክው አለች።

የአባቷ ብረታ ብረት ቤት እነሱው ግቢ ውስጥ፣ ከመኝታ ቤቷ መስኮት ሥር ነው። መዶሻው ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም። ሚጡ ተወልዳ ያደገችው በዚያ ድምፅ ነው፤ ጆሮዋ እንደ ድምፅ ቆጥሮት አያውቅም። ስለ ሼባው መኝታ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ብርድ ልብሱ ስታስብ ሰንብታ ይህ አንዴም ትዝ አላላትም። አባቷንም እንደዚያው። ሲስተር ደግሞ ሥራው ምን እንደሆነ አያውቁም።

ዝም ብትል ማንም አይነቃባትም። ይለምደዋል፣ አለች በልቧ። እሷስ ለምዳው የለ? ሼባው አገጩን ጭኗ ላይ ጣል አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። እንደዚህ ተዝናንቶ አይታው አታውቅም። ባይለምደውስ?

«አባዬ፣ ሞተሩን አታስነሳ» አለች። «መዶሻህ...»

አባቷ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ግንባሩን በመዳፉ መታ። «እኔ ደንቆሮ! ታዲያ ምን ይሻላል? የሰው በር በላስቲክ መዶሻ ልሥራ?»

ሚጡ እያለቀሰች ሳቀች። ጀርባዋን ለሼባው ሰጥታ ከመኪናው ወረደች። ጥቂት ቆይቶ ጥፍሮቹ ተከተሏት፤ ግቢውን አቋርጠው እስከ ጥጉ ድረስ። እንባዋ ይወርዳል፣ ደስታዋ ደግሞ አልለቃት ብሏል። እየተከተላት ነው! ወደ ሄደችበት እየተከተላት ነው!

ሲስተር ነገሩን ሲሰሙ ትከሻዋን አቀፏት።

«ወንድምሽን ምን ልበለው?» አለ አባቷ። «በረንዳውን ጠርጎ እየጠበቀ እኮ ነው።»

«ቅዳሜ ከኔ ጋር ይመጣል በለው። እዚህ ይተዋወቃሉ።» ከዚያ ወደ ሲስተር ዞረች። «ሲስተር፣ ከቅዳሜ ሌላ ሰው የሚያጥርዎት መቼ ነው?»

«ሰኞ። ሰኞ ማንም ብቅ አይልም።»

ሰኞ የመረብ ኳስ ልምምድ ነው። ሚጡ ከዚያ ልምምድ እንኳን ልትቀር አርፍዳም አታውቅም። ሼባው እግሯ ሥር ጥቅልል ብሎ ተኛ።

«ሰኞ ከትምህርት ቤት በቀጥታ እመጣለሁ» አለች።