ገንፎውን ማን ይቅመሰው

ደሳለው ገንፎውን እንደገና ተፋው። መትፋቱ ብቻ ቢሆን ደህና ነበር፤ ከተፋው በኋላ አያቱ ላይ አፈጠጠና ከንፈሩን ግጥም አደረገ። ጭኗ ላይ ያስቀመጠችው እህቱ አገኘሁሽ ቀሚሷ ሁሉ ገንፎ በገንፎ ሆኗል።

«በል እንጂ የኔ ጌታ፣ አንዲት ጉርሻ ብቻ!» አሉ አያቷ እናና ካሳነሽ፣ ገንፎ የያዘ ጣታቸውን ወደ አፉ አስጠግተው። ደሳለው ፊቱን አዞረ።

እናና ከሐሙሲት የመጡት ለዚሁ ጉዳይ ነው። የደሳለው አባት ብሔራዊ ውትድርና ሄዷል። እናቱ ይታይሽ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ የኅብረት ሥራ ማኅበሩን ሩዝ ስታርም ነው የምትውለው፤ ማሳው ሩቅ ስለሆነ መሀል ላይ መጥታ አታጠባውም። ስለዚህ ጥርስ እንኳ ያላበቀለው ደሳለው ምግብ መልመድ ነበረበት። በእነሱ ዘመድ ደግሞ ሕፃን የመጀመሪያ ገንፎውን የሚጎርሰው ከአያቱ እጅ ነው። አገኘሁሽንም ያጎረሷት እናና ናቸው።

የደሳለው ነገር ግን አልሆነም። እናና በየቀኑ ይሠራሉ፣ እሱም በየቀኑ ይተፋል። ቀኑን ሙሉ በረሃብ ሲያለቅስ ይውላል፤ ያ ሙሉ የነበረ ጉንጩም ጎደል ማለት ጀምሯል።

«ጨው በዝቶበት ይሆን እንዴ?» አለች አገኘሁሽ።

«በምን አውቄ ልጄ? እንደ ድሮው ምላሴ ላይ ጠብ አድርጌ አላየው!» እናና ጉንፋን በዘጋው አፍንጫቸው በግድ ተነፈሱ። «ፍልሰታ ነው። ቅቤ የነካው ነገር በዚህ አፍ አይገባም።»

እውነታቸውን ነው። በዚያ ቤት ከደሳለው በቀር የማይጾም ሰው የለም። አገኘሁሽማ ዘንድሮ ጾሙን የክብር ጉዳይ አድርጋዋለች። ዓምና እርጎ ስትልስ ተይዛ የመንደሩ ልጆች ሁሉ መሳቂያ አድርገዋት ነበር፤ ከሁሉም የባሰችው ጓደኛዋ አማከለች ናት። ዘንድሮ ግን አንድም ቀን አላጓደለችም። ነገ ከአማከለች ጋር ሊቆርቡ ተቀጣጥረዋል፤ ነጠላዋ ታጥቦ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

እናና ጣባውን አስቀመጡ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«እጄን ጠልቶታል» አሉ። «ሕፃን ያውቃል። አርጅቼ ነው መሰል። ነገ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፤ ሌላ ሰው ያጉርሰው።»

«እናና! ሌላ ማን አለና?»

«እኔ እንጃ» ብለው በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን እየጠረጉ ወጡ።

አገኘሁሽ ደሳለውን አቅፋ ቀረች። እናና ከሄዱ እናቷ ከሥራ መቅረቷ ነው፤ ደሳለውም እየተራበ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ያ የተሰበረ ድምፃቸው አላስችል አላት። ጣባውን ወደ ራሷ ሳበችው። ደስ የሚል ሽታ አለው፤ የእናናን ፀጉር ይሸታል። እስከ ዛሬ ሽታው የሳቸው ነው ብላ አልፋው ነበር። አሁን ግን እናና ውጭ ናቸው፤ ሽታው አልወጣም።

አሸተተችው። የምድጃው ጭስ አፍንጫዋን ስለሞላው እርግጠኛ መሆን አልቻለችም። የተሰቀለውን ነጠላ አየች። ደሳለው ሲቃ ይዞት ይነፋረቃል። አገኘሁሽ ጣቷን ገንፎው ውስጥ ነከረችና ላሰችው።

መረራት። አፏ በአንዴ ሰርግ ቤት ሰርግ ቤት ሸተተ። አደስ ነው! እናና ሲመጡ በሁለት ትንንሽ ቅል ቅቤ ይዘው ነበር፤ አንዱ ለደሳለው ገንፎ፣ አንዱ በአደስ የታሸ የይታይሽ የፀጉር ቅቤ።

ደሳለውን አዝላ ወጣች። እናና ውሃ የተኛበትን ሜዳ እያዩ ደጅ ቆመዋል። በጆሯቸው ነገረቻቸው።

«የራስ ቅቤ?» አሉ ቀስ ብለው። «አደሱን?»

«አዎ።»

«እንግዲያ እናትሽን የቀባኋት…»

«የደሳለውን ነዋ!»

እናና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። የተቆጡ መስሏት ልትሸሽ ስትል ሳቃቸው አመለጣቸው፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ወይ ጉዴ! እኔ እኮ ልጁን ሙሽራ ላደርገው ነበር!» እንባቸውን እየጠረጉ ዞር አሉ። «አንች ግን በምን አወቅሽ?»

«ሸተተኝ» አለች አገኘሁሽ፣ መሬት መሬቱን እያየች።

እናና ሌላኛውን ቅል አውርደው አዲስ ገንፎ ሠሩ። ሲያጎርሱት ግን ጣታቸው ከደሳለው ከንፈር አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ልጁ ገና ከሩቁ አፉን ገጥሞ ይጠብቃቸዋል።

«ፈራሁ» አሉ። «አንዴ ደግሞ ከከፋው ዳግመኛ አፉን አይከፍትልኝም። ወይኔ፣ የሚቀምስልኝ ሰው ባገኝ!»

ይህን ጊዜ አማከለች በሩ ላይ ብቅ አለች። «አንች! ነገ ጠዋት እንዳታስጠብቂኝ! አዲሱን ቀሚሴን ነው የምለብሰው፣ እወቂው!»

አገኘሁሽ አማከለችን አየቻት፤ ከዚያ በአየር ላይ የቀረውን የእናናን እጅ አየች።

ጣቷን ወደ ጣባው ሰደደች።

«ኧረ ተይ!» አሉ እናና።

«እንዴ! ቅቤ አለው እኮ!» አለች አማከለች።

አገኘሁሽ ሳትቸኩል ላሰችው። «ጨው ትንሽ ይጎድለዋል፣ እናና» አለች።

እናና ጨው ነስንሰው አማሰሉና በጣታቸው ጫፍ አቀመሱት። ደሳለው ግንባሩን ቋጠረ፤ ምላሱን አወጣ፤ አስገባ። ዋጠ። ከዚያ አፉን እንደ ጫጩት ከፈተ።

«ነገስ?» አለች አማከለች በሹክሹክታ።

«አንች ሂጂ» አለች አገኘሁሽ። የወንድሟን አገጭ በእጇ ጠረገችና እንዲመቸው ቀና አድርጋ አስቀመጠችው። «እኔ ደሳለውን እይዛለሁ።»